በሽምግልና የተነፈሰው ልጄ

ይህን የምጽፈው ሆዷ ከወሩ ቀድሞ ለገፋ፣ ጎረቤት ሁሉ “መንታ ነው” እያለ ለሚመርቃት እህቴ ነው። ምርቃቱን አሜን በይ፤ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሐኪሙም “መንታ ነው” ካለሽ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እኔ መንታ ሲባልልኝ ከርሜ አንድ ልጅ ወለድኩ። እሱም ቢሆን የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ያገኘው ሽማግሌ ተቀምጦለት ነው።

ሰዓዳ እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ባሌ ሙስጠፋ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ግን በጦርነቱ ጊዜ ወላጆቹ በሕፃንነቱ ይዘውት ተሰደው ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛውን ከእኔ ባልተናነሰ ያቀላጥፈዋል። ሥራው አየር ማረፊያ ታክሲ ነው። ወሬ ይወዳል፤ ተሳፋሪ ደግሞ መንገድ ላይ ዘሎ አይወርድም፣ ስለዚህ ሥራውና ጠባዩ ተስማምተውለታል።

በስድስተኛው ወር ገደማ ሆዴ እኔን ቀድሞ በር መግባት ጀመረ። ደንበኛ ልሠራ ሳጎነብስ ሆዴ ራሷን ይገፋታል። አንዷማ “ሰዓዳ፣ ልጅሽ ካሁኑ ሙያ እየለመደ ነው” ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ትራስ ደራርቤ እንደተቀመጥኩ ነው የማንቀላፋው።

ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። መሣሪያውን ሆዴ ላይ ያንሸራተተው ሰውዬ ፈገግ አለና “መንታ ነው፤ አንደኛው ከወንድሙ ጀርባ ተደብቋል” አለኝ። ለሙስጠፋ ስነግረው መኪናውን አስነስቶ ወጣ። በዚያ ሳምንት ሀርጌሳ ያረፈ መንገደኛ ሁሉ የመንታ አባት እንደሚሆን ሳይሰማ ሆቴሉ አልደረሰም። ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለት እያደረገ ገዛ።

“አንደኛው ግን ለምን ይደበቃል?” አልኩት።

“ያንቺን ቁጣ ሰምቶ ነዋ” አለኝ።

ሆዴ ግን ለመንታም በዛ። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ “ስኳር ሳይሆን አይቀርም፤ ጣፋጭ የሚባል ነገር አቁሚ” ተባልኩ። እስቲ ሀርጌሳ ውስጥ ስኳር የሌለው ሻይ እዘዢ! ሻይ የምታፈላልኝ ሴትዮ ኩባያውን ይዛ ቆመችና “ምን በድዬሽ ነው?” አለችኝ። ምላሴ እስኪመር ድረስ ታገስኩ። በኋላ ደሜ ሲመረመር ስኳር የለብኝም። ሆዴ ይገፋል፣ ሻዬ መራራ ነው፣ በሽታዬም አልታወቀም።

በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዬ ዶክተር ሂቦ የምትባል የማህፀን ሐኪም ጠቆመችኝ። የሀርጌሳ ልጅ ናት፤ የተማረችው ግን ጎንደር ነው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ወንበር አልነበረምና ምንጣፍ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። እዚህ አገር ወረፋ ስትጠብቂ በምን እንደታመምሽ ከመጠየቅሽ በፊት የማን ልጅ እንደሆንሽ ትጠየቂያለሽ። “ሰዓዳ ሁሴን ሙሄ” አልኩ። “ከዚያስ?” አሉኝ። ከሙሄ በላይ አላውቅም። የእነሱ ሕፃን እንኳ አያቶቹን እስከ አሥራ ምናምን ቤት ድረስ ያንበለብላል። አንዷ ከሆዴ ይልቅ ይሄ አሳዝኗት ቴምር ሰጠችኝ።

ዶክተር ሂቦ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ዝም ያለ ሐኪም ያስፈራል። ሙስጠፋ እንኳ ዝም አለ፤ ይህ ደግሞ ከሐኪሟ ዝምታ በላይ አስፈራኝ።

“ልጁ አንድ ነው” አለች በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። “አንገቱ ላይ ከፊት በኩል እብጠት አለ። ትልቅ ነው፣ ብርቱካን ያህላል። ጉሮሮውን ስለተጫነው የሽርት ውሃውን መዋጥ አልቻለም፤ ሆድሽ እንዲህ የገፋው ውሃው ተጠራቅሞ ነው። አሁን ምንም አይሆንም፣ ምክንያቱም የምትተነፍሺለት አንቺ ነሽ። እትብቱ ሲቆረጥ ግን በራሱ መተንፈስ አለበት፤ የአየር ቧንቧው ደግሞ ተዘግቷል።”

“ሁለተኛውስ የት ሄደ?” አለ ሙስጠፋ።

“ሁለተኛ የለም ወንድሜ። አልነበረምም።”

ሙስጠፋ አንገቱን ደፋ። ያልነበረውን ልጅ አዘነለት፤ ለነበረው ደግሞ ፈራለት። እኔ አለቀስኩ። ዶክተር ሂቦ እንባዬን እስክጨርስ ጠበቀችኝና የሚደረገውን አስረዳችኝ። በቀዶ ሕክምና ሆዴ ይከፈታል፤ የልጁ ራስና ትከሻ ብቻ ይወጣል፤ እትብቱ ሳይቆረጥ፣ እኔ እየተነፈስኩለት፣ በአፉ ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል። ቱቦው ከገባ በኋላ እትብቱ ይቆረጣል። ይህን የሚያደርገው ከውጭ የመጣ የጉሮሮ ሐኪም ሲሆን ከተማው ውስጥ የሚቆየው ለዚያ ሳምንት ብቻ ነበር። ምጡ ቀድሞ ከመጣና ልጁ በተለመደው መንገድ ከተወለደ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ታፍኖ ይሞታል።

“ነገውኑ አድርጉት” አልኩ።

“ወገን መስማማት አለበት” አለች። “ሆዱ ያንቺ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እንዳንቺ በሸቅሁ። ግን እዚህ ሽማግሌ ሳይስማማ ሴት አትቀደድም። አንድ ነገር ቢፈጠር ነገሩ የዘመድ ጠብ ይሆናል።”

የሙስጠፋ ወገን አለቃ አደር ጃማ ነው፤ አደር ማለት በእነሱ ቋንቋ የአባት ወንድም ነው። ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከዘራውን ከእጁ የማይለይ፣ ቸኩሎ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ሁሉንም ሰምቶ “እኛ እሺ እንላለን” አለ። አልሐምዱሊላህ ልል ስል ቀጠለ፤ “የእሷ ሰዎች ግን የታሉ? ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷ ቤት ናት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር ብትሆን፣ ወገኖቿ መጥተው ‘ማንን ጠይቃችሁ ቀደዳችኋት?’ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የእሷ ሰው አብሮኝ ካልተቀመጠ አፌን አልከፍትም።”

አባቴ ሞቷል። ወንድሜ ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ እንኳን ይህን፣ መንታ የተባለውንም አልነገርኳትም። በአደር ጃማ ዓይን የሚሞላ አንድ ወንድ ዘመድ ሀርጌሳ ውስጥ የለኝም። ተናደድኩ። ልጄ ትንፋሽ የሚያጣው በራሱ እብጠት ሳይሆን በእኔ ዘመድ ማጣት ሊሆን ነው!

ከፀጉር ቤቴ አጠገብ ጎማ የሚጠግኑ አንድ ጎሚስታ አሉ፣ ጋሽ ይመር የሚባሉ የደሴ ሰው። ዝምድናችን በውሃ ነው፤ የተበሳ ጎማ የሚፈትሹበትን ውሃ ከእኔ ቧንቧ ይቀዳሉ። ሄድኩና “ጋሽ ይመር፣ ለአንድ ቀን አጎቴ ይሁኑልኝ” አልኳቸው።

“በእናት ነው በአባት?”

“በአባት።”

“እንግዲያውስ ኮት ልልበስ” አሉ።

“የሚሉት ‘ተስማምተናል’ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አይናገሩ።”

“አብሽሪ ልጄ” አሉኝ። አብሽሪ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ መስጋት ነበረብኝ።

ስብሰባው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ሆነ። በአንድ ወገን አደር ጃማና ወንድሞቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ። በሌላው ወገን ጋሽ ይመር ብቻቸውን፣ በጥቁር ኮት፣ በጎማ የጠቆረ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ሙስጠፋ መሐል ሆኖ ያስተረጉማል። ጋሽ ይመር ሶማልኛ ይችላሉ፤ ግን “የሴት ልጅ ጉዳይ በጎማ ሶማልኛ አይወራም” ብለው በአማርኛ ካልሆነ አሉ። እኔ ፈንጠር ብዬ የሆስፒታሉ ባለጎማ ወንበር ላይ ነኝ። ዶክተር ሂቦ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

አደር ጃማ ሰላምታውን ጨርሶ፣ እንደ ወጉ፣ “የማን ልጅ ነህ?” ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሽ ይመር ደረታቸውን ነፉ። “ይመር አሊ ሰይድ ይማም!” እያሉ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ወሎ ውስጥ እንዲህ የሚቆጥር ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም፤ ኩራት ሊሰማኝ ሲል ነገሩ ገባኝ። የአባቴ ስም ሁሴን ሙሄ ነው። የአባቴ ወንድም ከሆኑ የእሳቸውም አባት ሙሄ መሆን ነበረበት። ስለ ሁሉም ነገር ስንመካከር ይህን ረስተነዋል፤ ያውም የዘር ቆጠራ ከእናት ጡት ጋር በሚጠባበት አገር! አደር ጃማ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫቱን ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዛወረ። “ቀጥሉ” አለ።

ጉዳዩ ተነገረ። የጋሽ ይመር ተራ ደረሰ። “ተስማምተናል” ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ከመስማማታችን በፊት አንድ ጥያቄ አለን። ይቺን ልጅ ስትወስዱ ማንን ጠየቃችሁ? ሽማግሌ ልካችኋል? ወሎ ድረስ የመጣ ሰው አለ? ወይስ አባት የሌላት መስሏችሁ ነው?”

ተከሳሹ ራሱ አስተርጓሚው ነው። ሙስጠፋ ወደ አጎቱ ዞሮ በሶማልኛ፣ “ስለ ጤናችሁ ይጠይቃሉ፤ በጋብቻውም ደስተኛ ናቸው” አለ።

“እንዲህ አላልኩም!” አሉ ጋሽ ይመር፣ እዚያው በጎማ ሶማልኛቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! እኔና ሙስጠፋ የተጋባነው እዚሁ ሀርጌሳ፣ በአንድ ቃዲ ፊት፣ በስልክ በወንድሜ ፈቃድ ነበር። ጋሽ ይመር ግን እውነተኛ አጎት ቢሆን የሚቆጣውን ሁሉ ተቆጡ። ስለ ጥሎሽ አነሱ። እናቴ አማችዋን በዓይኗ አለማየቷን አነሱ። “ልጃችን ሜዳ ላይ አልተገኘችም” ብለው መሬቱን በእጃቸው መቱ። እኔ በዓይኔ እለምናቸዋለሁ፤ እሳቸው አያዩኝም። የሚገርመው አደር ጃማ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ተመቻችቶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ጥሩ ክርክር ከሰማ የቆየ ይመስላል።

አንደኛው ሽማግሌ ደግሞ “ለመሆኑ በግማሽ የወጣ ልጅ እንዴት ሊተነፍስ ይችላል?” ብሎ ጠየቀ። ዶክተር ሂቦ ልትመልስ ስትል ጋሽ ይመር ቀደሟት። “የጎማ አፍ ሲደፈን ጎማውን ከመኪናው ሳትፈታ ነው የምትነፋው። ከፈታኸው አለቀ!” ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ልክ ናቸው?” አልኳት ዶክተሯን።

“በጭራሽ” አለች። “ግን ተያቸው፣ አምነዋል።”

ይህን ስትል ወገቤን አንድ ነገር ጨመደደው። ለቀቀኝ። ቆየና ደግሞ ያዘኝ። ዶክተር ሂቦ ፊቴን አይታ እጇን ሆዴ ላይ አደረገች፤ ፊቷ ተለወጠ። ምጡ እየመጣ ነበር። ልጄ ከዚያ ዛፍ ሥር ካለው ወሬ ቀድሞ ሊወጣ ነው፤ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ይታፈናል። ብድግ አልኩና በሁለቱም ቋንቋ ጮኽኩ።

“እናንተ እስክትስማሙ ልጁ ለአቅመ አዳም ይደርሳል! ምጥ ይዞኛል! ሰው አማረኝ ብዬ ሰብስቤያችሁ ልጄን ልትገድሉብኝ ነው?”

አደር ጃማ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። “ሙስጠፋ ጥፋተኛ ነው” አለ። “ለሴቲቱ ወገኖች በግ ያርዳል፣ እናቷንም ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። እኛ ተስማምተናል። እናንተስ?”

ጋሽ ይመር ላብ አጥምቋቸው ወደ እኔ ዞሩ። “ተስማምተናል” አሉ። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። አደር ጃማ ዱዓም ቢሆን አያሳጥርም። ዶክተር ሂቦ መሐሉ ላይ “አሚን!” ብላ ባለጎማውን ወንበር እየገፋች ይዛኝ ሮጠች።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ፈራሁ፤ አልዋሽም። “እኔን ወስደህ እሱን ተውልኝ” የሚሉ እናቶች አሉ። እኔ “ያ አላህ፣ ሁለታችንንም ተወን” አልኩ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ስውል ክርክር ለምጄ ነው መሰል። ከዚያ አደንዛዡ ይዞኝ ሄደ።

የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ዶክተር ሂቦ ናት። የልጁን ራስ አወጡት፤ እብጠቱ አገጩን ወደ ላይ ገፍቶ ጣሪያ ያሳየዋል። የጉሮሮው ሐኪም የመጀመሪያውን ቱቦ ሞከረ፣ አልገባም። ከዚያ ቀጠን ያለውን ሞከረ፣ እሱንም እብጠቱ መለሰው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ልብ ምት መቁጠሪያ ብቻ ነበር። እኔ ተኝቼ እየተነፈስኩለት ነው፤ ማህፀኔ ከተኮማተረ ግን ያ ያበቃል። የመጨረሻዋ፣ ከሁሉም ቀጭኗ ቱቦ በእብጠቱ ጎን ተሹለክልካ ገባች። ደረቱ ከፍ አለ። ያኔ እትብቱን ቆረጡት።

ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅሁት “ተስማሙ ወይ?” ብዬ ነው አሉ።

ልጄ ወንድ ነው። ሲያሳዩኝ በአፉ ቱቦ ገብቶ፣ አንገቱ ላይ ያን ጉድ ተሸክሞ ተኝቷል። አለቀሰ፤ ፊቱ ተጨማደደ፣ አፉ ተከፈተ፣ ግን ድምፅ የለም። ቱቦው ድምፅ አያሳልፍም ብለው አስቀድመው ነግረውኛል፤ ማወቅ ግን ልብ አያደነድንም። ሙስጠፋ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ አዛን አደረገለት። ያ ወሬኛ ባሌ አዛኑን መጨረስ አቅቶት ሦስቴ መሐል ላይ አቋርጦ እንደገና ጀመረ። የቤተሰቡ ሴቶች በር ላይ እልልታቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ቀሩ፤ ድምፁ ያልተሰማ ልጅ እልል አይባልለትም ብለው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የጉሮሮው ሐኪም መመለሻውን አራዝሞ እብጠቱን ቆርጦ አወጣው። ክፉ ዓይነት አይደለም አሉን። አንገቱ እስኪሽር ቱቦው ቆየ። ሐኪሙን አየር ማረፊያ ያደረሰው ሙስጠፋ ነው፤ ሂሳብ አልተቀበለውም፣ ወሬውን ግን አልማረውም።

በዚያ መጠበቅ ውስጥ አንድ ከሰዓት አደር ጃማ ሊጠይቀኝ መጣ። ተቀመጠና፣ እንዲገባኝ ቀስ እያለ በሶማልኛ ተናገረ።

“አጎትሽ አባቱ አሊ ነው። አባትሽ ደግሞ የሙሄ ልጅ ነው። ሁለት ወንድማማቾች እንዴት ሁለት አባት ኖራቸው?”

የምገባበት ጠፋኝ። አንሶላውን ወደ አገጬ ሳብኩት።

“ያኔውኑ ተነስቼ ልሄድ ነበር” አለ። “ተለምኖ የመጣ ሰው እሺ ብሎ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እሺ አላለም። እኔን ከነወንድሞቼ ብቻውን ተቆጣኝ። ሰው ለባዳ እንደዚያ አይቆጣም። ስለዚህ ወገን አለሽ ብዬ ቆጠርኩ።” ከዘራውን አንስቶ ወጣ። እኔ ቁስሌ እስኪያመኝ አለቀስኩ።

ቱቦውን ያወጡት ጠዋት ነው። ዶክተር ሂቦ ከክፍሉ እንዳልወጣ ፈቀደችልኝ። ቱቦዋ ወጣች። ልጁ አፉን ከፈተ፤ ዝም። ከዚያ ባትሪ ያለቀበት የመኪና ጡሩምባ የሚመስል ሻካራ ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ። ደገመው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስቀያሚና ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የሆዴን ስፌት ይዤ እልል አልኩ፤ ከኮሪደሩ የማላውቃቸው ሴቶች ተቀበሉኝ፣ ከእነሱም መሐል የቴምሯ ሴትዮ ነበረች።

እህቴ፣ ምክሬ አጭር ናት። ሆድሽ ካለወሩ ከገፋ፣ ጋደም ስትይ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ አትቀመጪ። ልጅሽን የምትወልጂበት ቦታ ያለውን ሐኪም አስቀድመሽ እወቂ። ዘመድ በሌለሽ አገር የምትኖሪ ከሆነም ቧንቧሽን ለጎረቤት ክፈቺ፤ የሚቆጣልሽ ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ስም የወጣለት ቀን ሙስጠፋ የተፈረደበትን በግ አረደ። ጋሽ ይመር ያንኑ ኮት ለብሰው፣ የእናት ወገን ተብለው ከላይ ተቀመጡ። ልጁ ለመንታ ከተገዛው የሁለት ሰው አልጋ መሐል ብቻውን ተንጋሎ፣ የአንገቱ ጠባሳ እየቀላ፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ ያቀልጠዋል። አደር ጃማ ሊመርቅ ቆመ፤ አንዲት ቃል አልተሰማለትም። ጋሽ ይመር አፍረው ልጁን አነሱና “እሹሩሩ፣ ዝም በል፣ ሽማግሌ እየተናገረ ነው” እያሉ ያባብሉት ጀመር።

አደር ጃማ እጁን አነሳ። ሙስጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሳይጨምር ሳይቀንስ አስተረጎመ።

“ተወው ይናገር። በዚያ ስብሰባ ላይ ተራ ያልደረሰው እሱ ብቻ ነበር።”